የጌም ነጥብ ለኮንሶል ያደላል ወይ? የሥራ ማስታወሻ

ጅምር

ጥያቄው የቆየ ነው። ጌም የሚወድ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ተከራክሮበታል። «ገምጋሚዎች ለፕሌስቴሽን ያደላሉ» ይላል አንዱ። «የለም፣ በኤክስቦክስ 360 ዘመን ለኤክስቦክስ ነበር የሚያደሉት» ይላል ሌላው። ኔንተንዶ የሠራው ሁሉ ከመውጣቱ በፊት 90 ተይዞለታል የሚልም አለ። ክርክሩ ማለቂያ የለውም፤ ምክንያቱም ሁሉም የሚጠቅሰው አንድ ወይም ሁለት ጌም ነው፣ ያውም የተናደደበትን። እኔ ነጥቦቹን ሰብስቤ ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው ብዬ ተነሳሁ።

ለምን ግድ ሰጠኝ? እኛ ሰፈር ኮንሶል ማለት ፕሌስቴሽን ነው። ፕሌስቴሽን ቤት ገብቶ በጨዋታ እየከፈለ ፊፋ ያልተጫወተ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። ኤክስቦክስ ያለው ሰው በጣት ይቆጠራል። አንድ ኦሪጅናል ጌም ለመግዛት ወራት የሚያጠራቅም ልጅ ደግሞ የሚወስነው ዩቲዩብ ላይ ባየው ነጥብ ነው። ነጥቡ የተሰጠው በሌላ ማሽን ላይ ለተሞከረው ቅጂ ከሆነ፣ የተገመገመውና ልጁ የገዛው አንድ ዕቃ አይደለም። ስለዚህ ለእኔ ጉዳዩ የደጋፊ ክርክር ሳይሆን የገንዘብ ነው።

መሣሪያ፦ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ሊብሬኦፊስ ካልክ (ሰንጠረዥ መሥሪያ)፣ ለማጽዳት ትንሽ ፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋ)፣ አንድ ደብተር። ሶፍትዌሩ በሙሉ ነጻ ነው። ወጪው የሞባይል ዳታና ጊዜ ብቻ ነው። ጊዜው ግን ቀላል አይደለም።

ነጥቦቹን የወሰድኩት ሜታክሪቲክ ከሚባል ድረ ገጽ ነው። በ2001 የተጀመረ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የብዙ ገምጋሚዎችን ነጥብ ከ100 አድርጎ አማካይ ያወጣል። ከ75 ጀምሮ አረንጓዴ፣ ከ50 እስከ 74 ቢጫ፣ ከዚያ በታች ቀይ። አማካዩ ተራ አማካይ አይደለም፤ ለአንዳንዱ ገምጋሚ ከሌላው የበለጠ ክብደት ይሰጣል። ክብደቱ ስንት እንደሆነ አይናገርም። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ኦፕንክሪቲክ ክብደት የለውም፣ ግን የሁሉንም ማሽን ነጥብ አንድ ላይ ስለሚደምር ለዚህ ጥያቄ አይሆንም። ሜታክሪቲክ ለእያንዳንዱ ኮንሶል የየራሱን ነጥብ ያስቀምጣል። የምፈልገው እሱን ነው።

ፋይሉን ማጽዳት

ሁሉንም በእጅ መገልበጥ አድካሚ ስለሆነ መጀመሪያ ካግል በሚባለው የመረጃ ፋይሎች መጋሪያ ድረ ገጽ ላይ በነጻ የሚገኘውን የጌም ሽያጭና ነጥብ ፋይል አወረድኩ። በ2016 የተሰበሰበ ነው። 16,719 ረድፍ አለው። የጌሙ ስም፣ ኮንሶሉ፣ የወጣበት ዓመት፣ አሳታሚው፣ የገምጋሚዎች ነጥብ፣ የተጠቃሚዎች ነጥብ አለበት። ሲያዩት ያጓጓል።

ሲከፈት ግን ሌላ ነው። ከገምጋሚዎች ነጥብ ግማሽ ያህሉ ባዶ ነው። የተጠቃሚዎች ነጥብ ዓምድ ውስጥ ደግሞ ቁጥር መሆን ሲገባው «ገና አልወጣም» ለማለት የገባ ሦስት ፊደል አለ። ካልክ ያንን ሲያይ ዓምዱን እንደ ጽሑፍ ይቆጥረዋል፤ አማካይ ስትጠይቀው ስህተት ያወጣል ወይም ግማሹን ይዘላል። በፓይተን ቁጥር ያልሆነውን ሁሉ ወደ ባዶ ቀየርኩት። አንድ መስመር ነው የሚፈልገው፣ ግን ያንን መስመር ያልጻፈ ሰው የሚያገኘው አማካይ ውሸት ነው።

የባሰው የስም ጉዳይ ነው። ሐሳቤ አንድን ጌም በፒኤስ3 (ፕሌስቴሽን 3) እና በኤክስቦክስ 360 ላይ ያገኘውን ነጥብ በስሙ ፈልጎ ማጣመር ነበር። ኒድ ፎር ስፒድ ሞስት ዋንትድ የሚል ስም ያለው ጌም ግን ሁለት ነው፤ አንዱ የ2005፣ ሌላው የ2012። በስም ብቻ ካጣመርክ የ2005ቱን የኤክስቦክስ ነጥብ ከ2012ቱ የፒኤስ3 ነጥብ ጋር ያጋባልሃል። ሁለቱ የሚገናኙት በስም ብቻ ነው። ስለዚህ ማጣመሪያው ስም ብቻ ሳይሆን ስም፣ ዓመትና አሳታሚ መሆን አለበት። እንደዚያ ሲሆን ደግሞ ፒኤስ3 ላይ ዘግይቶ የወጣ ጌም ዓመቱ ስለማይገጥም ይወድቃል። የዘገዩት ደግሞ ለጥያቄው በጣም ያስፈልጋሉ።

አማካይ በኮንሶል

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገውን አደረግኩ። በኮንሶል ከፋፍሎ የእያንዳንዱን አማካይ ማውጣት። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፣ ምክንያቱም ስለ አድልዎ ምንም አይናገርም።

የኔንተንዶን ኮንሶል፣ ዊን፣ እንውሰድ። በጣም ስለተሸጠ ርካሽ ጌም የሚያመርት ሁሉ እሱ ላይ ነው የተረባረበው። የፊልም ማስታወቂያ ጌም፣ የአካል ብቃት፣ የፈተና ጥያቄ፣ የማይጫወቱት ነገር ሁሉ። ያ አማካዩን ወደ ታች ይጎትታል። ገምጋሚዎች ግን ዊን አልጠሉትም። ሱፐር ማሪዮ ጋላክሲ በ2007 97 አግኝቷል። ሁለተኛው ክፍል በ2010 እንዲሁ 97። በዚያ ዘመን ከነዚህ በላይ ያገኘ ጌም በየኮንሶሉ ፈልጉ፤ አንድ ጂቲኤ 4 ነው የምታገኙት፣ 98።

አንዱ ኮንሶል ላይ ብቻ የሚወጡ ጌሞችን ማወዳደርም አይሠራም። «ሶኒ የሠራው ሁሉ 90 ይሰጠዋል» የሚለው ሰው ብላድቦርን 92 እና የ2018ቱን ጎድ ኦፍ ዋር 94 ይጠቅሳል። ናክ 54፣ ዘ ኦርደር 1886 63፣ ድራይቭክለብ 71 እንዳገኙ ይረሳል። ፒኤስ3 ገና አዲስ እያለ በጉጉት የተጠበቀው ሌር 53 ነው ያገኘው። በኤክስቦክስ በኩልም ፎርዛ ሆራይዘን 5 92፣ ራይዝ 60። ጌሞቹ የተለያዩ ስለሆኑ ልዩነቱ የጌሙ ይሁን የኮንሶሉ መለየት አይቻልም።

የሚሠራው አንድ መንገድ ነው። አንድ ጌም፣ ሁለት ኮንሶል፣ ሁለት ነጥብ።

ጥንድ ጥንድ

ትልቁን ፋይል ወደ ጎን አድርጌ የፒኤስ3ንና የኤክስቦክስ 360ን ዘመን መረጥኩ። ሁለቱ ኮንሶሎች ተቀራራቢ ጉልበት ነበራቸው፣ ብዙ ጌም ሁለቱም ላይ ወጥቷል፣ የደጋፊ ጦርነቱም ያኔ ነው የጦፈው። ትልልቅ ጌሞችን መርጬ በእጅ ገለበጥኩ። የመጀመሪያው ቁጥር የኤክስቦክስ 360፣ ሁለተኛው የፒኤስ3 ነው።

ዘ ኦሬንጅ ቦክስ 96 / 89
ስካይሪም 96 / 92
ፎልአውት 3፦ 93 / 90
ባዮኔታ 90 / 87
ፎልአውት ኒው ቬጋስ 84 / 82
ባዮሾክ 96 / 94
ማስ ኢፌክት 2፦ 96 / 94
ኦብሊቪየን 94 / 93
ባትማን አርካም አሳይለም 92 / 91
ጂቲኤ 4፦ 98 / 98
ጂቲኤ 5፦ 97 / 97
ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 95 / 95
ኮል ኦፍ ዱቲ 4፦ 94 / 94
ሞደርን ዋርፌር 2፦ 94 / 94
ፖርታል 2፦ 95 / 95
ማስ ኢፌክት 3፦ 93 / 93
ባትማን አርካም ሲቲ 94 / 96
ፋይናል ፋንታሲ 13፦ 82 / 83
አሳሲንስ ክሪድ 2፦ 90 / 91
ድራገን ኤጅ ኦሪጂንስ 86 / 87

20 ጌም ነው። በ9ኙ ኤክስቦክስ ይበልጣል፣ በ7ቱ እኩል ናቸው፣ በ4ቱ ፒኤስ3 ይበልጣል። ልዩነቱን ስደምረው ለኤክስቦክስ 20 ነጥብ ይተርፋል። ለ20 ሲካፈል በአማካይ 1 ነጥብ። እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው «ይኸው፣ አድልዎ አለ» ብሎ ይሄዳል።

ሜዲያኑን አወጣሁ። ልዩነቶቹን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሮ መሃል ላይ ያለውን ማየት ነው። ዜሮ ወጣ። አማካዩ 1፣ ሜዲያኑ 0 ከሆነ፣ ጥቂት ጌሞች ብቻቸውን አማካዩን እየጎተቱት ነው ማለት ነው። የትኞቹ እንደሆኑ ለማየት ሒሳብ አያስፈልግም፤ ከላይ ያሉት ናቸው።

አምስቱ ጌሞች

ኦሬንጅ ቦክስ፣ ስካይሪም፣ ፎልአውት 3፣ ባዮኔታ፣ ኒው ቬጋስ። የአምስቱ ልዩነት ድምር 19 ነው። ከጠቅላላው 20 ውስጥ 19 ማለት ነው። የቀሩት 15 ጌሞች ተደምረው 1 ነጥብ ነው የሚሰጡት።

ነጥቡን አይቶ የማይመቸውን ማውጣት ግን ማጭበርበር ይሆናል። እንዲህ ከሆነ የፈለግኩትን ውጤት ማምጣት እችላለሁ። ስለዚህ መስፈርቱን ከነጥቡ ውጪ ፈለግኩ። ጥያቄው አንድ ነው፤ የፒኤስ3ው ቅጂ ጨዋታውን የሚጎዳ የታወቀ የቴክኒክ ችግር ነበረበት ወይ? ለዚህ የዲጂታል ፋውንድሪ ዓይነት ፍሬም (በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚታይ) የሚቆጥሩ፣ ሁለቱን ቅጂ ጎን ለጎን የሚፈትሹ ሰዎች ሥራ ይጠቅማል። እነሱ ነጥብ አይሰጡም፤ ይለካሉ።

አምስቱም ነበረባቸው።

ኦሬንጅ ቦክስን ቫልቭ ራሱ የሠራው ለፒሲና ለኤክስቦክስ ነው። የፒኤስ3ውን የሠራው የኤሌክትሮኒክ አርትስ ቡድን ነው። ሎዲንጉ ይረዝማል፣ ፍሬሙ ይወድቃል። ባዮኔታም ተመሳሳይ ነው፤ የኤክስቦክሱን ፕላቲነም ጌምስ ሠራ፣ የፒኤስ3ውን ሴጋ ፖርት አደረገ (ወደ ሌላው ማሽን አዛወረ)። ፍሬም ላይ በሚቆም የድብድብ ጌም ፍሬም ሲወድቅ ተጫዋቹ የሚሰማው በጣቱ ነው። ሜኑ ለመክፈት እንኳ ይጠብቃል።

ስካይሪም ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ችግሩ እንዴት እንደሚፈጠር በደንብ ያሳያል። ሁለቱም ኮንሶሎች 512 ሜጋባይት ሜሞሪ ነው ያላቸው። ኤክስቦክሱ ግን 512ቱን አንድ ላይ ነው ያስቀመጠው፤ ጌሙ እንደፈለገ ያካፍለዋል። ፒኤስ3 ለሁለት ከፍሎታል፤ 256 ለዋናው ሥራ፣ 256 ለግራፊክስ። ሁለት እኩል ስፋት ያላቸው ቤቶች ናቸው፣ አንዱ ግን በመሃል በግድግዳ ተከፍሏል። ስካይሪም ደግሞ የነካኸውን ሁሉ ያስታውሳል። የከፈትከውን ሳጥን፣ የጣልከውን ሰይፍ፣ የገደልከውን ሽፍታ። እየተጫወትክ በሄድክ ቁጥር ሴቭ ፋይሉ ይገዝፋል። ብዙ ሰዓት ከተጫወትክ በኋላ ጌሙ መንተፋተፍ ይጀምራል፣ ከዚያ መራመድ እስኪያቅት ይደርሳል። ፎልአውት 3 እና ኒው ቬጋስ የአንድ ሞተር (ጌሙን የሚያስኬድ መሠረታዊ ሶፍትዌር) ቤተሰብ ናቸው፣ የኒው ቬጋስም ሕመም ይኸው ነበር።

ኦብሊቪየንም የዚያ ቤተሰብ ነው፣ ግን ከአምስቱ ጋር አላስገባሁትም። ፒኤስ3 ላይ ከአንድ ዓመት በኋላ ተስተካክሎ ነው የወጣው፣ በአንዳንድ ነገር ከኤክስቦክሱ የተሻለ ነበር። የ1 ነጥብ ልዩነቱን ለቴክኒክ መስጠት አይቻልም። ባዮሾክና ማስ ኢፌክት 2ም ፒኤስ3 ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ወይም ዓመት ቆይተው የመጡ ናቸው። ሦስቱም ላይ ፒኤስ3 በ1 ወይም በ2 ያንሳል። ጌሙ ሲዘገይ መደነቁ ይቀንሳል፣ የሚገመግሙትም ሌሎች ሰዎች ይሆናሉ። የምሰጠው ግምት ይህ ነው።

ሌላኛውን አቅጣጫም አየሁ። ገምጋሚዎች ፒኤስ3ን ለመቅጣት ሰበብ ይፈልጉ ከነበረ ጂቲኤ 4 እና ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን ጥሩ አጋጣሚ ነበሩ። ሁለቱም ኤክስቦክስ ላይ በ720ፒ (የምስሉ ቁመት 720 መስመር)፣ ፒኤስ3 ላይ በ640ፒ ነው የሚሄዱት። በመለኪያ ይታያል። ነጥቡ ግን 98 ለ98፣ 95 ለ95። ፋይናል ፋንታሲ 13 ደግሞ ተቃራኒው ነው። ፒኤስ3 ላይ 720ፒ በአንድ ብሉሬይ፣ ኤክስቦክስ ላይ 576ፒ በሦስት ዲቪዲ። ልዩነቱ 1 ነጥብ ብቻ። ገምጋሚው የሚቀጣው ፒክስል ሲያንስ ሳይሆን ጨዋታው ሲበላሽ ነው። ይህን ስመለከት «ለኤክስቦክስ ያደላሉ» የሚለው ነገር ለእኔ ተዘጋ። ቢያንስ ለነዚህ ትልልቅ ጌሞች።

ማን ገመገመው?

የቀረው ጥያቄ የ1 እና የ2 ነጥብ ልዩነት ነው። ደጋፊዎች የሚጣሉት በሱ ነውና።

የስካይሪምን ገጽ ስከፍት የኤክስቦክሱን የገመገሙት በጣም ብዙ ናቸው፣ የፒኤስ3ው ጥቂት። ገምጋሚ ቤት ብዙ ጊዜ አንድ ቅጂ ነው የሚገመግመው። ሁለቱ ነጥቦች የሁለት የተለያዩ ሰዎች ቡድን ነጥቦች ናቸው።

ካልክ ላይ የሙከራ ሒሳብ ሠራሁ። 20 ገምጋሚ ሁሉም 90 ሰጡ እንበል። አንዱ ተነስቶ 50 ቢሰጥ አማካዩ በ2 ነጥብ ይወርዳል፣ 88። ገምጋሚዎቹ 80 ቢሆኑ ያው ሰው የሚያወርደው በግማሽ ነጥብ ነው። ትንሽ ቡድን ውስጥ አንድ ቁጡ ሰው ኮንሶል ያስከስሳል።

ሁለተኛው ሙከራ። የአንድ ኮንሶል ብቻ የሆኑ መጽሔቶችና ቤቶች አሉ። ኦፊሻል ኤክስቦክስ ማጋዚን፣ ኦፊሻል ፕሌስቴሽን ማጋዚን፣ ኔንተንዶ ፓወር ነበሩ። ዛሬ ደግሞ ፑሽ ስኩዌር ለፕሌስቴሽን፣ ፒውር ኤክስቦክስ ለኤክስቦክስ፣ ኔንተንዶ ላይፍ ለኔንተንዶ። እያንዳንዳቸው የሚገቡት በራሳቸው ኮንሶል ነጥብ ውስጥ ብቻ ነው። ከ20 ገምጋሚ 5ቱ እንደዚህ ቢሆኑና ከሌላው በ4 ነጥብ ከፍ አድርገው ቢሰጡ፣ አማካዩ በ1 ይወጣል። ማንም ማጭበርበር አያስፈልገውም፤ ያንን ኮንሶል የሚወድ ሰው ስለ ወደደው ነገር ጽፎ ነው።

ስለዚህ ደብተሬ ላይ ሕግ ጻፍኩ፦ ከ2 ነጥብ የማይበልጥ ልዩነት ማስረጃ አይደለም።

ንጹሑ ንጽጽር አንድ ቤት ሁለቱንም ቅጂ የገመገመበት ነው። እንዲህ ያለ ጥቂት ነው፣ ግን ሲገኝ ወርቅ ነው። የጃፓኑ ፋሚትሱ ባዮኔታን ለኤክስቦክስ 40 ከ40፣ ለፒኤስ3 38 ከ40 ሰጠ። ያው መጽሔት፣ ያው ጌም። ፋሚትሱ የሚሠራባት ጃፓን ውስጥ ኤክስቦክስ ብዙም ገዢ እንዳልነበረው አስታውሱ። ለአገሩ ኮንሶል ለማድላት ምክንያት ካለው ቤት ነው ይህ የመጣው። ጌምስፖት ደግሞ በ2006 ትዋይላይት ፕሪንሰስን ለዊ 8.8፣ ለጌምኪዩብ 8.9 ሰጠ። ያ 8.8 የኔንተንዶ ደጋፊዎችን እንዴት እንዳስቆጣ የሚያስታውስ ያስታውሳል። ልዩነቱ ግን በአንዱ ኔንተንዶና በሌላው ኔንተንዶ መካከል ነው፤ ገምጋሚው ቅር ያለው አዲሱ መቆጣጠሪያ ላይ እንጂ ብራንዱ ላይ አልነበረም።

ከፕሌስቴሽን ወደ ፒሲ

የቅርቡን ዘመን ለመፈተሽ ጥሩ አጋጣሚ አለ። ሶኒ ጌሞቹን ወደ ፒሲ ማውጣት ጀምሯል። ነጥቡ የተሰጠው ለፕሌስቴሽን ስም ከሆነ፣ ጌሙ ከፕሌስቴሽን ሲወጣ ሁልጊዜ መውረድ አለበት።

ጎድ ኦፍ ዋር ከ94 ወደ 93። በሕጌ መሠረት ለውጥ የለም። ሆራይዘን ዜሮ ዶውን ከ89 ወደ 84፤ በ2020 ፒሲ ላይ የወጣው ከብዙ ችግር ጋር ነበር። ዴይስ ጎን ከ71 ወደ 76 ወጣ። ዘ ላስት ኦፍ አስ ክፍል 1 ደግሞ ፒኤስ5 ላይ 88፣ ፒሲ ላይ 59። ሃያ ዘጠኝ ነጥብ! የ2023ቱ የፒሲ ቅጂ ሼደር (ምስሉን የሚሥሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ሲያዘጋጅ ተጫዋቹን ያስጠብቃል፣ ይቆራረጣል፣ ይዘጋል። ታሪኩ ያው፣ ተዋናዮቹ ያው፣ ሙዚቃው ያው። አንዱ ይወርዳል፣ አንዱ ይወጣል። አቅጣጫውን የሚወስነው የቅጂው ጥራት ነው።

ሳይበርፐንክ

እዚህ ጋ ሐሳቤ ሌላ መንገድ ያዘ። አድልዎ የለም ብዬ ልጨርስ ስል ሳይበርፐንክ 2077 ገባ።

ጌሙ በዲሴምበር 10፣ 2020 ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ለገምጋሚዎች የተላከው የፒሲ ቅጂ ብቻ ነበር። የራሳቸውን ቪዲዮ እንዳያሳዩም ተከለከሉ። ግምገማው ሲለቀቅ አረንጓዴ ነው። ሰው አየ፣ ገዛ። ፒኤስ4 እና ኤክስቦክስ ዋን ላይ የገዛው ግን ፊት የሌላቸው ሰዎች፣ ባዶ መንገድና በየጊዜው የሚዘጋ ጌም አገኘ። ዛሬ ገጾቹን ስታዩ ፒሲ 86፣ ኤክስቦክስ ዋን 61፣ ፒኤስ4 57 ይላል። ሁለቱ የኮንሶል ነጥቦች ግን የመጡት ሰው ከገዛ በኋላ ነው። የጌሙ ሠሪ ሲዲ ፕሮጀክት ይቅርታ ጠየቀ፣ ገንዘብ እንመልሳለን አለ። ሶኒ ከመደብሩ አወጣው፤ የተመለሰው በጁን 2021 ነው።

ገምጋሚዎቹ ለፒሲ አላደሉም። ያዩትን ጻፉ። ምን እንደሚያዩ የወሰነው ግን ሻጩ ነው። እኔ አድልዎ ስፈልግ የቆየሁት ገምጋሚው ልብ ውስጥ ነበር፤ የተገኘው ግን ቅጂው በሚላክበት መንገድ ላይ ነው። ይህ በጣም የከፋ ነው፣ ምክንያቱም በአማካይ ውስጥ አይታይም። ሲታይ ደግሞ ገንዘቡ ወጥቷል።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ ለማሰብ ወደ ኒው ቬጋስ ተመለስኩ። ሠሪው ኦብሲዲያን ነበር። ከሠራተኞቹ አንዱ የነበረው ክሪስ አቬሎን በ2012 በይፋ እንደተናገረው፣ ጌሙ ሜታክሪቲክ ላይ 85 ቢያገኝ ቦነስ ይከፈላቸው ነበር። 84 ላይ ቆመ። አንድ ነጥብ። ከላይ ማስረጃ አይሆንም ያልኩት ልክ። በዚህ መጠን ገንዘብ ከታሰረበት፣ ሻጩ የተሻለውን ቅጂ መርጦ መላኩ አይገርምም። ሊያስቆጣን ግን ይገባል።

የተጠቃሚዎች ነጥብ

የኮንሶል ጥላቻ በግልጽ የሚታይበት ቦታ ይህ ነው። ብዙ አልቆየሁበትም፣ ምክንያቱም ለማየት ሰንጠረዥ አያስፈልግም። አስትራል ቼይን በ2019 በኔንተንዶ ኮንሶል፣ በስዊች፣ ላይ ብቻ በመውጣቱ የተናደዱ ሰዎች ጌሙን ሳይጫወቱ በዜሮ አጥለቀለቁት፤ ሜታክሪቲክ ብዙዎቹን ሰረዘ። በ2020 ዘ ላስት ኦፍ አስ ክፍል 2 ከገምጋሚዎች 93 ሲያገኝ የተጠቃሚዎቹ በመጀመሪያ ቀናት ከ10 ከ4 በታች ነበር። ጌሙ ረጅም ነው፤ በወጣ በሰዓታት ውስጥ ማንም አይጨርሰውም። ሜታክሪቲክ ከዚያ በኋላ የተጠቃሚ ነጥብ ጌሙ ከወጣ 36 ሰዓት እስኪያልፍ እንዳይገባ አደረገ። ዓምዱን ከፋይሌ አወጣሁት።

አሁን ያለበት

ሰንጠረዡ ላይ ሦስት አዲስ ዓምድ ጨምሬያለሁ። ገምጋሚው የተጫወተው በየትኛው ማሽን ነው? ግምገማው የወጣው ጌሙ ከመሸጡ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ቅጂውን የሠራው ዋናው ቡድን ነው ወይስ ሌላ? የመጀመሪያውን መሙላት ትዕግስት ይጠይቃል። አንዳንዱ ገምጋሚ ከጽሑፉ ግርጌ ይጽፈዋል፣ አንዳንዱ ጨርሶ አይናገርም። ያልተናገረውን ባዶ እተወዋለሁ፤ በግምት አልሞላም።

ቀጥሎ ስዊች ነው። እዚያ ነገሩ ይለያል፣ ምክንያቱም ደካማ ማሽን መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ዊቸር 3 ፒኤስ4 ላይ 92፣ ስዊች ላይ 85። የ2016ቱ ዱም 85 እና 79። ሆሎው ናይት ግን ፒሲ ላይ 87፣ ስዊች ላይ 90። ትልቁ ጌም ሲወርድ ትንሹ ይወጣል። አንዳንዱ ገምጋሚ አልጋ ላይ ተኝቶ መጫወት መቻሉን እንደ ጥቅም ይቆጥራል፣ አንዳንዱ የደበዘዘውን ምስል ብቻ ያያል። እንዴት እንደምለያቸው ገና እየሞከርኩ ነው። ለጊዜው የግምገማውን ጽሑፍ አንብቤ የሁለቱን ምክንያት በተለያየ ቀለም እያቀለምኩ ነው።

እስከዚያ ጌም ሊገዛ ሲል ለሚጠይቀኝ ሰው የምለው ይህን ነው። የራስህን ኮንሶል ገጽ ክፈት። ስንት ሰው እንደገመገመው ቁጠር። ጌሙ ሊወጣ ሲል የፒሲ ግምገማ ብቻ ካየህ፣ የኮንሶሉ እስኪመጣ ገንዘብህን ኪስህ ውስጥ አቆይ።